ብርቱዎቹን ሴቶች ማሳረፍ የተማርኩባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከመሥሪያ ቤቴ የተሰጠኝ የምስጋና ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ፣ በየትኞቹ ወረዳዎች እንደሠራሁ፣ ምን ምን ሥልጠና እንደሰጠሁ ይዘረዝራል። ተነቦ ሲያልቅ ሰዎች አጨበጨቡ፤ እኔም እንባዬ መጣ። ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። ከሠራሁት ሁሉ ለራሴ ትልቁ የምለው ሥራ እዚያ ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችል፤ ስም የለውማ። የእኔ ትልቁ ሥራ ሰው ማሳረፍ ነበር።

ነርስ ነኝ። የተወለድኩት ዳባት ነው፤ የተማርኩት ጎንደር። መርፌ ወግቻለሁ፣ አዋልጃለሁ፣ ቁስል አጥቤያለሁ። የሚበዛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ግን በገጠር በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎችን በመከታተል ነው። የእነዚህ ሰዎች መጠሪያ በየዘመኑ ይቀያየራል። ድሮ የጤና ወኪል ይባሉ ነበር፤ ኋላ የልማት ቡድን መሪ ተባሉ። ሥራቸው ግን ያው ነው። በሰፈራቸው ያሉትን ቤቶች እየዞሩ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፣ የክትባት ቀን ሲደርስ እናቶችን ይጠራሉ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ይጎተጉታሉ። ጎረቤት መረጣቸው፣ እነሱም እሺ አሉ፤ ሹመታቸው ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነበር። ያን ጊዜ መኪና የሚባል ነገር ስለማይደርስ ከደባርቅ ዕቃዬን በበቅሎ አስጭኜ በሦስተኛው ቀን ገባሁ። እግሬ አብጦ፣ ፊቴ በብርድ ተልጦ ስደርስ የተቀበሉኝ አቶ ፈንታሁን የሚባሉ አንጋፋ ጤና ረዳት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ «ረዳት ነኝ፤ ረዳት በሉኝ» እያሉ ያርማሉ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የልምድ አዋላጅ ልንጎበኝ አብረን ወጣን። ወይዘሮ ስንዱ ይባላሉ፤ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ባቄላ ሲያርሙ አገኘናቸው። እኔ ገና ሰላምታው ሳያልቅ መዝገቤን ከፈትኩና «በዚህ ወር ስንት አዋለዱ?» አልኳቸው። አቶ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ከድንበሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ጎንበስ ብለው ማረም ጀመሩ። እኔም አፍሬ ተከተልኩ። አንድ ሰዓት ያህል አረምን። ስለ ላሟ ተወራ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ባልየው ተወራ። ስለ ወሊድ ማንም አላነሳም።

ስንመለስ ቅር ብሎኝ «መዝገቡ ባዶ ሆኖ ተመለስን እኮ» አልኳቸው።

«ባዶ አይደለም» አሉኝ። «ባላቸው ታሞ ከተኛ ሁለት ወሩ ነው። አረሙን ብቻቸውን ነው የያዙት። በዚህ ወር ማንም እንዳይልካቸው ለቀበሌው እነግራለሁ። ከታችኛው ሰፈር ያለችው አዋላጅ ትሸፍንላቸዋለች።»

ከዚያ ደብተራቸውን አሳዩኝ። ከፊት ለፊት እንደማንኛችንም መዝገብ ነው፤ ወሊድ፣ ክትባት፣ ሞት። ከኋላ ገልብጠው ሲከፍቱት ግን ሌላ ደብተር ነው። በነፃ ለሚያገለግለው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ገጽ አለው። «በሬው ሞቶበታል።» «ምራቷ አራስ ናት።» «ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቷል፤ እስኪታረቁ ስብሰባ ላይ አታገናኟቸው።» ሰው ከመላካቸው በፊት ያንን ገጽ ያያሉ።

ሌላም ነገር ነበራቸው። በእኛ አገር በሚካኤልና በማርያም ዕለት አይታረስም፣ አይታጨድም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስብሰባ ሲያስብ ያንን ቀን ይመርጣል፤ ሕዝቡ ከእርሻ ውሎ ስለሚፈታ ይመቻል። አቶ ፈንታሁን በበዓል ቀን ሰው ጠርተው አያውቁም። «እኔና አንቺ የዓመት ፈቃድ አለን» አሉኝ አንድ ቀን። «እነሱ የሚያርፉት በዚህ ቀን ነው። እሱን ከወሰድንባቸው ምን ቀራቸው?»

አንዱ ወኪል መድከሙን ካዩ ደግሞ እስኪጠፋ አይጠብቁም። ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩን ደጀ ሰላሙ ላይ ያሰባስቡና የሠራውን በስም በስም ይናገሩለታል፤ ካህኑ ይመርቁታል፤ ሌላ ይመረጣል። እኔ ወጣት ነበርኩና «ጎበዙን ሠራተኛ ለምን ያሰናብቱታል?» ብዬ ተከራከርኳቸው።

«ደክሞት ሲደበቅ ካገኘነው አፍሮ ይቀርብናል» አሉኝ። «ዛሬ በክብር ካሰናበትነው ግን ነገ ሲቸግረን ይመጣልናል።»

ይህን ሁሉ አየሁ፤ ወደድኩትም። ግን የሰውየው ደግነት ነው ብዬ አለፍኩት። ሙያ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

ከመካነ ብርሃን በኋላ አዲ አርቃይ ቆላው ላይ ጥቂት ዓመት በወባ ዘመቻ ሠራሁ። ከዚያ ደባርቅ ተዛወርኩና የጤና ኬላዎች ተቆጣጣሪ ሆንኩ። አቶ ፈንታሁን በዚያን ጊዜ በሞት ተለይተዋል። ሥራው ተለውጧል፤ በየሳምንቱ ሪፖርት፣ በየወሩ ግምገማ። ኃላፊያችን ትጉህ ወጣት ነበር፤ ከላይ ይጠየቃል፣ እሱም እኛን ይጠይቃል። እኔም ጎበዝ ተቆጣጣሪ መባል ወደድኩ።

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከመንገዱ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ ውስጥ ጥሩወርቅ የምትባል የልማት ቡድን መሪ ነበረች። ሠላሳ ቤት በእሷ ሥር ነው። የሁሉንም ነፍሰ ጡር ወር በቃሏ ታውቃለች። ልጅ ክትባት ያልፈዋል ብትሉ በእሷ ሰፈር አይሆንም። ቀልደኛ ናት፤ መጸዳጃ ቤት አልቆፍርም ያለውን አንድ ሽማግሌ እየቀለደች አስቆፍራዋለች። እኔ ደግሞ ጎብኚ ሲመጣ «ጥሩወርቅ ጋ ውሰዷቸው» እላለሁ። አዲስ ሥራ ሲመጣ «በጥሩወርቅ ሰፈር እንሞክረው» እላለሁ። እንዲህ የምለው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ግብርናውም ለእርከን ሥራ ሴቶችን የሚያስተባብረው በእሷ ነው። ትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ አድርጓታል። የሴቶች ጉዳይ ይጠራታል፤ ቀበሌው ይጠራታል። ሁላችንም የምናውቃት አንድ ብርቱ ሴት ናትና ሁላችንም በእሷ ላይ ተደራረብን።

አንድ ቀን በጤና ኬላው በር ላይ የክትባቱን ሥራ ጨርሰን ስንለያይ «ሲስተር፣ ትንሽ ደክሞኛል» አለችኝ።

«ኧረ ተይ! አንቺ ከደከመሽ ማን ሊበረታ ነው?» ብዬ ሳቅኩ።

እሷም ሳቀች። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ያን ጊዜ ያመሰገንኳት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አፏን ነው የዘጋሁባት። ከዚያ በኋላ ደክሞኛል ብላኝ አታውቅም።

በአንድ የማርያም ዕለት ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነበርና ጥሩወርቅ ሴቶቹን ሰብስባ እንድትጠብቅ አዝዤ ነበር። እንግዶቹን ይዘን ስንደርስ ሜዳው ባዶ ነው። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። በማግስቱ ልወቅሳት በእግሬ ወጣሁ።

ከቤቷ ጓሮ፣ የድንጋዩን ካብ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊት ለፊቷ ገብሷ ነው፤ እሸት ሊሆን የደረሰ። በጎች ገብተው ይበሉታል። እሷ እያየቻቸው ዝም ብላለች።

«ጥሩወርቅ! በጎቹ እኮ ገብሱን ጨረሱት!»

«አዎ፣ አየኋቸው» አለችኝ። አልተነሳችም።

ሮጬ በጎቹን አስወጣሁ። ስመለስ ልጇ ማስተዋል ጄሪካን ውሃ አዝላ መጣች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኳት። ልጅቷ ወደ እናቷ አየች።

«ካቆመች ሁለተኛ ወሯ ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ቤቱን ማን ይያዝ? እኔ በየሰው ደጅ ነኝ። ሴት ልጆቻችሁን አስተምሩ እያልኩ የምዞረው እኔው ነኝ፤ የእኔዋ ውሃ ትቀዳለች። አሁን ማንንም ቀና ብዬ ማየት አልችልም፣ ሲስተር። ነጋ ስባል ያስፈራኛል።»

ያኔ እንኳ አልገባኝም። «አንድ ሳምንት እረፊና ተመለሽ» ብያት ወረድኩ። በምትኳ ሌላ ሰው አላደረግኩም። ሪፖርቱ ላይ «ለጊዜው አሟታል» ብዬ ጻፍኩ። የነፍሰ ጡሮቹ ወር በጥሩወርቅ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ትመለሳለች ብዬ ተውኩት። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ሳምንቱ አልፎ ሌላ ሳምንት ተጨመረ፤ ሦስተኛውም። ጥሩወርቅ አልተመለሰችም። ከሰፈሯ እናኑ የምትባል ሴት ወሯ ገብቶ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ምጧ ቤቷ ያዛት፣ ቤቷ ወለደች፣ ደም አልቆም አላት። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ደባርቅ አደረሷት። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ጥሩወርቅ በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን በእግሯ መጣች። ከእናኑ አልጋ ግርጌ ተቀመጠችና እግሯን ያዘች። «ወሯን አውቅ ነበር» ትላለች፤ ደጋግማ። «ወሯን እኮ አውቅ ነበር።» እናኑ ደክሟት ስለነበር እጇን ብቻ ዘረጋችላት። እኔ ከበሩ ጋ ቆሜ ነበር። ገብቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። የዚያን ዕለት አላልኩም፤ አቅም አጣሁ።

ያልኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ቤቷ ሄጄ ካቡ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ጥሩወርቅ፣ ደክሞኛል ስትዪኝ ስቄብሻለሁ። በምትክሽም ሰው አላስቀመጥኩም። የእናኑ ነገር በእኔ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም።»

«ልትመልሺኝ ነው የመጣሽው?» አለች።

«አይደለም። ላሳርፍሽ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ልጄን ትምህርት ቤት መልሺልኝ» አለችኝ። «እኔን ለጊዜው ተዪኝ።»

ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገርኩና ማስተዋል በዚያው ሳምንት ክፍሏ ገባች። ያመለጣትን ትምህርት አንዲት መምህርት በምሳ ሰዓት ታስጠናት ጀመር። ያ ቀላሉ ነበር።

ከባዱ ጽሕፈት ቤታችን ነው። የወረዳው መሥሪያ ቤቶች ወርሃዊ የጋራ ስብሰባ ሲደርስ አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የአንድ ወር ቀናትን በሳጥን በሳጥን ሣልኩበትና ጥሩወርቅ በየቀኑ ማን እንደጠራት በየመሥሪያ ቤቱ ቀለም ሞላሁት። ከእሷ፣ ከጎረቤቶቿና ከጤና ኬላው መዝገብ ለቅሜ ያገኘሁት ነው። የሚካኤል ዕለት ቀለም አለው፤ የማርያም ዕለትም አለው። ባዶ ሳጥን መፈለግ ነበረባችሁ።

«ይህች ሴት የማናችንም ተቀጣሪ አይደለችም» አልኳቸው። «እርሻም፣ ቤትም፣ ልጅም አላት። እኛ ስንጠቀምባት የነበረው ግን እንደ ጋራ ንብረታችን ነው። ብዙውን ቀለም የቀባሁትም እኔ ነኝ።»

ኃላፊያችን ፊቱ ተለወጠ። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰዎች ሥራ እንዲቀንሱ ልንመክር ነው? ዕቅዱ እንዴት ሊሆን ነው?»

ከኋላ የግብርናው ባለሙያ፣ ብዙ የማይናገር ሰው፣ ተነስቶ ወደ ወረቀቱ ሄደ። በጣቱ ሳጥኖቹን ነካ ነካ አደረገ። «አረንጓዴው የእኔ ነው» አለ። «በዚህኛው ቀን የጠራኋት ላልተሳካ ስብሰባ ነው። ሰው አልመጣም ብዬ መልሼ ሰደድኳት። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ መጥታ ነበር።» ተመልሶ ተቀመጠ።

ኃላፊያችን ወረቀቱን እያየ «በአንድ ቀበሌ ይሞከር። እስከ አጨዳ ድረስ» አለ።

ሞከርን። ሠላሳውን ቤት ለሦስት ሴቶች አካፈልነው፤ የሌሎቹንም ሰፈሮች እንዲሁ። የአንዷን ነፍሰ ጡሮች ወር ሌሎቹ ሁለቱም እንዲያውቁት አደረግን፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ አለች። ማንኛውም መሥሪያ ቤት መሪዎቹን ሲፈልግ መጀመሪያ የጤና ኬላዋን ባለሙያ ይጠይቃል፤ የበዓል ቀን ደግሞ ለስብሰባ ዝግ ሆነ። እኔም ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ገጽ ከፈትኩ።

መጀመሪያ ላይ አልሆነልንም። ከአዲሶቹ ሁለቱ በአንድ ቤት ተጣሉ፤ አንደኛዋ ዘመዴ ናትና ለእኔ ትገባለች ብላ። በሌላ ሰፈር አንዲት የቆየች መሪ ቤቶቿ ሲከፈሉ የተሻረች መስሏት አለቀሰች። «ምን አጠፋሁ?» ብላ መንገድ ላይ ያዘችኝ። ማሳረፍም እንደ መሾም ወግ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳላስረዳ፣ ሳላመሰግን፣ ወረቀት ላይ ቆርጬ ነበር ያካፈልኩት። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከእሷ በኋላ ማንንም ሳላስመርቅ አላሳረፍኩም።

የጥሩወርቅን ስንብት ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ በሙሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ መረቋት። እኔ ያስከተበቻቸውን ልጆች፣ ወደ ጤና ጣቢያ የላከቻቸውን እናቶች በስም በስም ጠራሁ፤ የተጠራችው ሁሉ ትነሳለች። እናኑም ተነሳች። ስሟን አልጠራሁም ነበር፤ እንዳይከፋት ብዬ። ራሷ ተነስታ «እኔም የእሷ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኛም ተውናት፣ እስኪወጣላት አለቀሰች።

እስከ አጨዳ የተባለው ሙከራ ከአጨዳም አለፈ። ኃላፊያችን ራሱ ሌሎች ቀበሌዎች ይጨመሩ አለ። ለምን ሐሳቡን እንደቀየረ ጠይቄው አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ለማርያም ዕለት ስብሰባ ይጠራ የሚል ደብዳቤ መጥቶለት ቀኑን በእስክርቢቶ ሰርዞ በማግስቱ ሲያደርገው አየሁት።

ዓመታት አልፈው ከአዲ አርቃይ በኩል ሕዝብ በጦርነት ተፈናቅሎ ወደ ደባርቅ የወጣ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ተጨነቀ። ትምህርት ቤቶቹ በሰው ሞሉ። ነፍሰ ጡር አለ፣ አራስ አለ፣ ሕፃን አለ። ከየቀበሌው ሴቶች እንዲያግዙን ስንጠይቅ ማንም ሳይጠራት ጥሩወርቅ መጣች። ወፈር ብላለች፤ ቀልዷም ተመልሷል።

«ሁለት ቀን እሠራለሁ፣ በሦስተኛው ቤቴ ነኝ» አለችኝ ገና ሰላም ሳንባባል። «ካልተስማማሽ አሁኑኑ ልመለስ።»

«ተስማምቻለሁ።»

«ለእነዚህም እንዲሁ አድርጊላቸው» አለች፣ ከኋላዋ ወዳሉት ሴቶች እያመለከተች። ሁሉንም በሦስት ተራ መደብናቸው። ብዙ ወር አብረን ሠራን። ከእነዚያ ሴቶች ደክሟት የጠፋችብን አልነበረችም። ታመው የቀሩ ነበሩ፤ ቤታቸው ችግር ገብቶ የቀሩ ነበሩ። ግን ሁሉም ነግረውን ቀሩ፤ ብዙዎቹም ተመለሱ።

የመጨረሻ ዓመቶቼን ትውልድ ቦታዬ ዳባት ሠራሁ። ጡረታዬ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የመሪዎች ወርሃዊ ስብሰባ ነበርና ልሰናበታቸው ሄድኩ። ከጤና ኬላው ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ባለሙያዋ መዝገቧን ይዛ ነበር። እኔ የምናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ መተባበር፣ ስለ መተካካት፣ ምክር ብጤ።

ከመጀመራችን በፊት አንዷ እጇን አወጣች። ሰላም ትባላለች፤ ከመሪዎቹ ሁሉ ጠንካራዋ እንደሆነች ነግረውኝ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ፋሲካ እስኪያልፍ አልችልም» አለች። «ልጄን ልድር ነው። ዐሥሩንም ቤት ተቀበሉኝ።»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሙሽራው ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ተባለ፤ ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንዷ «ከወንዙ ማዶ ያሉትን አራቱን ለእኔ» አለች። ሌላዋ «ቀሪውን እኔ እይዛለሁ፤ የጥሩነሽ ወር መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰላም ወሩን ነገረቻት። ባለሙያዋ ጻፈችው። ጉዳዩ አለቀና ስለ ክትባቱ ቀጠሉ።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች። «ሲስተር፣ የሚጨምሩት ነገር አለ?»

ፊታቸውን አየሁ። ያዘጋጀሁትን ንግግር አሰብኩ።

«የለም» አልኩ። «እናንተው ጨርሳችሁታል።»